ያልዳነ፣ ያልሞተ፤ ረጅም ሕመም በድርሰታችንና በመድረካችን

በመድረካችንም ሆነ በልብ ወለድ ድርሰቶቻችን ውስጥ በሽተኛ ሲገባ ተመልካቹ ወይም አንባቢው ወዲያው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ታሪኩ ወደ ማለቂያው መቃረቡን ነው። በሽተኛው ከሦስት ሥራዎች አንዱን ይሠራ ዘንድ የተጠራ ነው። ወይ ይሞትና የቀሩትን ያስለቅሳል፤ ወይ በጠበል፣ በስለት ወይም በሐኪም እጅ ድኖ ይነሣና ቤተ ሰቡን በእልልታ ያስጨርሳል፤ ወይም ደግሞ የጥፋቱን ዋጋ የተቀበለ ሰው ሆኖ ለሌላው መቀጣጫ ይሆናል። አራተኛው ሰው፣ ማለትም ሳይድን ሳይሞትም ለዓመታት ከበሽታው ጋር የሚኖረው ሰው፣ በጽሑፋችን ውስጥ ቤት የለውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሰው ለምን ቤት እንዳጣ መመርመርና፣ ቤቱ የሚሠራበት ማገርና ጭቃ ከገዛ ምድራችን፣ ለምሳሌም ከጋይንት አገር፣ እንደሚገኝ ማመልከት ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይነገር አንድ በሽታና አንድ ቦታ እንምረጥ። በሽታው ከተነሣበት ሥፍራ አልፎ የተሠራጨ የኩላሊት ነቀርሳ ይሁን። ቦታውም አርብ ገበያ ትሁን። አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ስሟን ያገኘችውም ከገበያዋ ቀን ነው።

የኩላሊት ነቀርሳ በመጀመሪያው ወቅት ድምፅ የለውም። ሀብት ባላቸው አገሮች ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ለሌላ ጉዳይ በተነሣ አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን አማካይነት፣ እንደ አጋጣሚ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ግን በሽታው ራሱን የሚገልጸው ሽንት ደም ሲቀላቅል፣ ጎን አላስተኛ ብሎ ሲወጋ፣ ወይም እጅ የሚዳስሰው እብጠት ሲወጣ፣ ማለትም ከመሸ በኋላ ነው። ነቀርሳው ገና በኩላሊቱ ውስጥ ሳለ ከተደረሰበት ቀዶ ሕክምና ሊያድን ይችላል። ወደ ሳንባ፣ ወደ አጥንት፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጎል ከዘለቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለሌሎች የነቀርሳ ዓይነቶች የሚሰጠው የተለመደው ኬሞቴራፒ ይህን በሽታ እምብዛም አይበግረውም። ስለዚህም ለረጅም ዘመን ሐኪም በእጁ የነበረው ነገር ጥቂት ነበር።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በእኛ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2005 ሶራፌኒብ፣ በተከታዩ ወር ደግሞ ሱኒቲኒብ የተባሉት በአፍ የሚዋጡ መድኃኒቶች በአሜሪካ ተፈቀዱ። አሠራራቸው ለደራሲም የሚያስገርም ነው። በአብዛኛው የዚህ ነቀርሳ ዓይነት ውስጥ ቪ.ኤች.ኤል. የተባለው ዘረ መል የተበላሸ በመሆኑ፣ የታመመው ሕዋስ ኦክስጅን ሞልቶለት ሳለ እንዳጣ ሆኖ ይጮኻል፤ በጩኸቱም አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይጠራል። በጥጋብ ዘመን «ራበኝ» እያለ የጎረቤቱን ጎተራ የሚያራግፍ ሰው ማለት ነው። ክኒኖቹ ይህን ጥሪ ያፍናሉ። ሕዋስ የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚለይ የመረመሩት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2015 ኒቮሉማብ የተባለው፣ የሰውነትን የገዛ ዘብ የሚቀሰቅስ መድኃኒት ለዚሁ በሽታ ተፈቅዶ ነበር። ከ2018 ጀምሮም ሁለት መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ተለመደ። በዚህ ሁሉ ምክንያት በወራት ይቆጠር የነበረው ዕድሜ ለአንዳንዱ ሕመምተኛ በዓመታት የሚቆጠር ሆነ። ለሁሉም አይደለም፤ መድኃኒቱ ፈጽሞ የማይሠራለት አለ፤ ሠርቶለት ኋላ የሚከዳውም አለ። ቢሆንም አራተኛው ሰው በዓለም ላይ ተወልዷል።

ይህ ሰው እንዴት ይኖራል? ሱኒቲኒብን የሚወስድ ሕመምተኛ በተለመደው ሥርዓት አራት ሳምንት ይውጣል፣ ሁለት ሳምንት ያርፋል፤ እንደገና አራት፣ እንደገና ሁለት። መዳፉና የእግሩ ውስጥ ይቆስላል፤ ደረጃ መውጣት ቀርቶ ጫማ ማጥለቅ ጭንቅ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አፉ ይላጣል፤ በርበሬ ያለበት ወጥ እሳት ይሆንበታል። የደም ግፊቱ ይወጣል፤ ሆዱ ይላላል፤ እንቅልፍ የማያስወግደው ድካም ይወድቅበታል። ፀጉሩ ይነጣል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ጥቁሩ ሊመለስ ይችላል፤ በአንዲት የፀጉር ዘለላ ላይ ጥቁርና ነጭ ተራ በተራ ይታያሉ። በየሁለትና በየሦስት ወሩም ምስል ይነሣል፤ የምስሉ ውጤት እስኪነገረው ድረስ ያለው ሳምንት በየጊዜው የሚመለስ የፍርድ ቀን ነው። ውጤቱ መልካም ሲሆን የሚነገረው «ድነሃል» የሚል ቃል አይደለም፤ «አልጨመረም» የሚል ነው። እልልታ የማይባልበት፣ ለቅሶም የማይቀመጡበት ቃል!

እንግዲህ የሐያሲው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። «አልጨመረም» በሚል ቃል ላይ ምን ዓይነት ተውኔት ይቆማል? የለመድነው ተውኔት መውጣት፣ ጡዘትና መውረድ ያለው ነው። የዚህ ሰው ሕይወት ግን አይወጣም አይወርድም፤ ይዞራል። ጡዘቱ በየሦስት ወሩ ይመጣል፤ መፍትሔው አይመጣም። ስለዚህም ደራሲው ይህን ሰው ሲያገኘው ከሁለት አንዱን ያደርገዋል፤ ታሪኩ እንዲያምርለት ይገድለዋል ወይም ያድነዋል። ይህ የደራሲው የልብ ድንዳኔ አይደለም፤ የቅርጽ ድህነት ነው።

ታላላቅ ድርሰቶቻችንም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህና ሰብለ ወንጌል በመጨረሻ ሲገናኙ እርሱ ለመሞት የተቃረበ ነው። የልብ ወለዱ አሠራር ይህን ይጠይቃል፤ ርእሱም አስቀድሞ ነግሮናል። በዛብህ በዚያ አልጋ ላይ አሥር ዓመት ቢተኛና ሰብለ አሥር ዓመት ብታስታምመው ኖሮ ፍቅራቸው ያነሰ ይሆን ነበርን? ያነሰ አይሆንም፤ ነገር ግን ያን ፍቅር ለመተረክ ሌላ መጽሐፍ ያስፈልግ ነበር። ያ ሌላ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ዕዳ ሆኖ ተቀምጧል።

ቋንቋችንም የዕዳው ተካፋይ ነው። በሽተኛን ስንጠይቅ «ተሻለህ ወይ?» እንላለን፤ ስንሰናበት «እግዜር ይማርህ» እንላለን። ሁለቱም የደግነት ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ግን መንገዱ ቶሎ የሚያልቅ አድርገው ያስባሉ። በስድስተኛው ዓመት «ተሻለህ ወይ?» ለሚለው ሰው ምን ይመለስለታል? «አዎን» ቢል ዋሸ፤ «አይ» ቢል ጠያቂውን አስደነገጠ። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ጠያቂውም እየራቀ ይሄዳል። ደግሞም «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል እንመልከት። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢን ማለታችን ነው፤ እርሱ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። በዚሁ ቃል ካንሰርን እንጠራለን፤ ካንሰርም ቢሆን አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። ቃሉ ግን የድሮውን ጥላ እንደ ለበሰ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሲነገር ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ቤተ ሰቡም ለሐኪሙ «ለእርሱ እንዳይነግሩብን» ብሎ ይለምናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረታችን ለራሱ ለበሽተኛው ስለሚደበቅ በሽታ የሚለው ነገር የለም። እዚህ ላይ ለተውኔት ጸሐፊ ሳይነካ የተቀመጠ ግጭት አለ፤ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ ሰው ብቻ አያውቅም፤ እርሱም ማወቁን ይደብቃል።

በሌላ በኩል ቋንቋችን አንድ ታላቅ ቃል ሰጥቶናል፤ እርሱም «አስታማሚ» ነው። ከ«ታመመ» የወጣ ቃል ነው፤ የሌላውን ሕመም አብሮ የሚሸከመውን ሰው ይጠራበታል። በድርሰቶቻችን ውስጥ አስታማሚ ውኃ የሚያቀብልና እንባውን የሚጠርግ አጃቢ ነው። በእውነተኛው ሕይወት ግን የክኒኑን ቀን የሚቆጥረው፣ ጨው የሚቀንሰው፣ የተላጠውን መዳፍ ቅባት የሚቀባው፣ በሌሊት ደግሞ ከበሬውና ከመሬቱ የቱ አስቀድሞ እንደሚሸጥ የሚያሰላው እርሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜም እርሷ ናት። ዋናው ገጸ ባሕርይ እርሷ የምትሆንበት ተውኔት ሊጻፍ ይገባል።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ሱዛን ሶንታግ፣ ራሷ በካንሰር ታክማ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው «ሕመም እንደ ዘይቤ» በተሰኘው ድርሳን በሽታን በጦርነት ቋንቋ መናገር ሕመምተኛውን እንደሚጎዳ ተከራክራለች። ክርክሩ እኛንም ይመለከታል። «ከካንሰር ጋር ሲታገል ቆይቶ ተሸነፈ» ስንል፣ የሞተው ሰው ክንዱ ስለ ዛለ የሞተ እናስመስለዋለን። አራተኛው ሰው ግን አላሸነፈም አልተሸነፈም፤ ከጠላቱ ጋር በአንድ ጎጆ ያድራል። ሶንታግ ከዘይቤ ጨርሶ መጽዳትን ትመክራለች። በሰምና ወርቅ ያደገ ሕዝብ ይህን ምክር እንዳለ ሊቀበለው አይችልም፤ የእኛ ተግባር ዘይቤን መጣል ሳይሆን እውነተኛውን ዘይቤ መፈለግ ነው።

ረጅም ሕመምን ዝም ብለን እንደምናልፈው የሚያሳይ አንድ ምሳሌ በገዛ ሙያችን ውስጥ አለን። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በሽታቸው ነቀርሳ አልነበረም፤ ኩላሊታቸው ግን ደክሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕክምና ወደ ኒው ዮርክ ሄደው፣ ደማቸው በመሣሪያ እየታጠበ ኖሩ፤ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. እዚያው አረፉ፤ አስከሬናቸውም አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። የኩላሊት እጥበት እንደ ደንቡ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ነው። ሐምሌትንና ኦቴሎን በአማርኛ ያናገሩ ታላቅ ባለቅኔ ስምንት ዓመት ያህል በባዕድ ከተማ በሕክምና ላይ ኖረዋል። እኛ ስለ እርሳቸው ስንናገር ልጅነታቸውን፣ የመድረክ ዘመናቸውንና ቀብራቸውን በሰፊው እናወሳለን፤ ስምንቱን ዓመት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንሻገረዋለን። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው ባለቅኔው ካረፉ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ይህም ቢሆን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ አልነበረም።

ኤች.አይ.ቪም ሌላ ትምህርት ትቶልናል። በሽታው ሞት ብቻ በነበረበት ዘመን የተጻፉት ብዙ አጫጭር ድራማዎች ሁሉን በሞት ይዘጉ ነበር፤ ያን ጊዜ እውነት ነበረ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር እውነቱ ተለወጠ፤ የድራማዎቹ መዝጊያ ግን በብዙው ሳይለወጥ ቆየ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በ257 ክፍሎቹ አድማጩን ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ከሁለት ዓመት በላይ አኑሮታል። ትምህርት ለማስተላለፍ የተሠራ ሥራ መሆኑ አያሳንሰውም፤ ይልቁንም ተከታታይ ድራማ ከአንድ ምሽት ተውኔት ይልቅ ለረጅም ሕይወት የሚመች ቅርጽ መሆኑን አስመስክሯል። በበሽታ ላይ የሚጻፍ ድርሰት ሕክምናው አንድ እርምጃ ሲራመድ ዘግይቶም ቢሆን ሊከተለው ይገባል፤ ካልተከተለው የትናንትን ሞት ለዛሬ ሕመምተኛ ይደግስለታል።

የሌላውንም ዓለም ልምድ መመዘን አይከፋም። በቶልስቶይ «የኢቫን ኢሊች ሞት» (እ.ኤ.አ. 1886) ሐኪሞቹ የበሽተኛው ችግር የኩላሊት ነው አይደለም እያሉ ሲከራከሩ፣ በሽተኛው የሚፈልገው አንድ እውነት የሚናገር ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው እግሩን በትከሻው ደግፎ የሚያድረው ገራሲም የተባለ አገልጋይ ሆኖ ይገኛል። ከአስታማሚነት በላይ የሆነ አስታማሚ! ሆኖም ርእሱ እንደሚናገረው መንገዱ ወደ ሞት ብቻ ነው። በቶማስ ማን «አስማተኛው ተራራ» (እ.ኤ.አ. 1924) ለሦስት ሳምንት ጥየቃ የመጣው ወጣት ሰባት ዓመት ይቀመጣል፤ መጽሐፉ ሕመም ጊዜን ምን እንደሚያደርገው ይመረምራል፤ ነገር ግን ተራራው የባለ ጸጎች ተራራ ነው። ለአራተኛው ሰው ከሁሉ የሚቀርበው የሶልዠኒትሲን «የካንሰር ክፍል» ነው። ደራሲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1954 በታሽኬንት ታክሞ ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ኖሯል። የመጽሐፉ ዋና ሰው ኮስቶግሎቶቭ በመጨረሻ ከሆስፒታሉ ይወጣል፤ ሕይወቱን አትርፏል፤ ሕክምናው ግን ከወንድነቱ ምን ያህል እንደ ነጠቀው ሳያውቅ በባቡር ይሄዳል። ዕድሜ በምን ዋጋ እንደሚገዛ የጠየቀ መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደ ጋይንት እንመለስ። ጋይንት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሁለት ታላላቅ ጉባኤዎች አገር ናት። ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው፤ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው። መዋሥዕት በተለይ በሙታን ጸሎት ላይ የሚዜም ነው፤ ድጓ ግን ዓመቱን በሙሉ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ እያንዳንዱን ወቅትና በዓል በየዜማው የሚያስኬድ ነው። አንዱ ለመጨረሻው ስንብት የሚሆን ቃል ያበጃል፤ ሌላው ለሚመላለስ ዘመን ቅርጽ ይሰጣል። የድርሰቶቻችን በሽተኛ እስከ ዛሬ የተዜመለት በመዋሥዕት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አራተኛው ሰው የሚፈልገው ግን እንደ ድጓ ያለ ቅርጽ ነው። ይህን ስል ሕመምን መቀደሴ አይደለም፤ ስለ ቅርጽ ብቻ ነው የምናገረው። ድጓ ወደ ጡዘት አይሮጥም፤ ያው ቀን በያው ዜማ ይመለሳል፤ የተመለሰለት ሰው ግን የአምናው ሰው አይደለም። በየሦስት ወሩ ምስል የሚነሣ ሰው ሕይወትም እንዲሁ ነው፤ ያው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ጥያቄ፣ ሌላ ሰው።

ለተውኔት ደግሞ አርብ ገበያ ስሟ ራሱ መዋቅር ይሰጣል። እያንዳንዱ ትዕይንት አንድ አርብ ይሁን። በመጀመሪያው አርብ በሬ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ለደብረ ታቦር መሄጃና ለምርመራ ነው። በሌላው አርብ አስታማሚዋ ብቻዋን ትመጣለች፤ ባሏ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። ከዓመት በኋላ ባለ አንድ አርብ ሰውዬው ራሱ ፀጉሩ ነጥቶ፣ እግሩ እያነከሰ ገበያ ይወጣል፤ ሰው ሁሉ «ሞተ ተብሎ ነበር» እያለ ይሸሸዋል። በሚቀጥለው አርብ የእህል ዋጋ ይከራከራል፤ ማንም አይሸሸውም። መጋረጃው የሚዘጋው በሞቱ ወይም በመዳኑ ሳይሆን በሚቀጥለው አርብ ዋዜማ፣ ሐሙስ ማታ ነው። ተመልካቹ ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሰውዬውም እንደዚያው ነውና።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እነዚያ ክኒኖች ዋጋቸው ከአንድ ገበሬ አቅም እጅግ የራቀ ነው፤ የጨረር ሕክምና እንኳ በአገራችን ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ነበር። ታዲያ አርብ ገበያ ያልደረሰን ዕድሜ በአርብ ገበያ መድረክ ላይ ማሳየት ሐሰተኛ ተስፋ መንዛት አይሆንምን? ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቸልታም አይታለፍም። ነገር ግን ሞትን ብቻ የሚያሳየው ድርሰት የሚሠራውን ሥራ እናስተውል። «ነቀርሳ ሞት ነው» ብሎ ያመነ ሰው ሽንቱ ደም ሲቀላቅል ዝም ይላል፤ ለመታከም ሳይሆን ለመሞት ይዘጋጃል። በጊዜ ቢመጣ ቀዶ ሕክምናው ብቻ ያድነው የነበረው ሰው የሚዘገየው በገንዘብ እጦትና በመንገድ ርቀት ብቻ አይደለም፤ በሰማው ታሪክም ነው። ያን ታሪክ የነገርነው እኛ ነን። ከዚህም በላይ፣ መድኃኒት ያለበትን ዓለምና መድኃኒት የሌለበትን ቤት ጎን ለጎን የሚያቆም ተውኔት ተስፋን አይሸጥም፤ ዋጋውን ይጠይቃል። አንድ በሬ ስንት ቀን ዕድሜ ይገዛል? ሁለተኛው በሬ ሲሸጥ ልጆቹ በምን ያርሳሉ? ሰውዬውስ «ይብቃኝ፤ በሬው ይቅር» ለማለት መብት አለውን? ይህን ጥያቄ በአደባባይ የሚያነሣ መድረክ ከሌለ በየጓዳው ብቻ ይነሣል፤ በጓዳም የሚመልሱት እናትና ሚስት ብቻቸውን ናቸው።

ስለሆነም ከተውኔት ጸሐፊዎቻችንና ከልብ ወለድ ደራሲዎቻችን የሚጠበቀው እጅግ የረቀቀ ነገር አይደለም። በሽተኛውን ለታሪኩ ማማር ሲሉ አይግደሉት፤ አያድኑትም። አስታማሚዋን ስም ይስጧት። የክኒኑንና የመንገዱን ወጪ በብር ቆጥረው ያሳዩ። «ተሻለህ ወይ?» በሚለው ምትክ «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» የሚል ገጸ ባሕርይ ይፍጠሩ፤ ለዚህ ጥያቄ ሕመምተኛው ሳይዋሽ ሊመልስለት ይችላልና።